የሸረሪት ድር የሚመስሉ የእግር ደም ሥሮች፡ መንስኤያቸው፣ ሕክምናቸውና ዲናዊ ጥያቄዎቻቸው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ረመዷን ከጀማዓችን አንድ ወንድም ከተራዊሕ ጠፋብን። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከፊት ሶፍ የማይታጣ ሰው ነበር። ከዚያ ከኋላ ወንበር ይዞ መስገድ ጀመረ። አንዳንዶቻችን ቀልድ መስሎን "ሸይኻችን፣ በዚህ ዕድሜ ወንበር?" አልነው። በሌላ ቀን ዉዱእ ለማድረግ ሱሪውን ሰብሰብ ሲያደርግ ባቱ ላይ የተጠላለፉ ቀይና ሰማያዊ ክሮች የመሰሉ መስመሮች አየን። ከጉልበቱ ጀርባም አንድ ወፈር ያለ ሥር ተጠማዞ ወጥቷል። አንዱ "ደምህ ቆሽሿል፣ ዋግምት ያስፈልግሃል" አለው፤ ሌላው "ይሄማ ዓይን ነው" አለ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ወንድማችን ሁለት ሳምንት አልመጣም። ዶርሙ ድረስ ሄደን ስንጠይቀው "እግሬ ይከብደኛል፤ ከእግሬ በላይ የከበደኝ ግን የእናንተ ወሬ ነው" አለን።

አፉ እንዲለን ጠይቀነዋል፤ እሱም አፉ ብሎናል። ታሪኩን የምንጽፈውም በፈቃዱ ነው። ስለማናውቀው ነገር እንደዚያ መናገራችን ስላሳፈረን፣ የጤና ሳይንስ ተማሪ የሆኑ እህት ወንድሞቻችንን አማክረን፣ ኡስታዞቻችንንም ጠይቀን የተማርነውን እነሆ ለእናንተ አቅርበናል።

1. እነዚህ መስመሮች ምንድን ናቸው?

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ሰውነት የሚሄድባቸው ቧንቧዎች ደም ወሳጅ፣ ወደ ልብ የሚመለስባቸው ደግሞ ደም መላሽ ይባላሉ። የምንነጋገረው ስለ ደም መላሾቹ ነው። ከቆዳ ሥር ያሉት ጥቃቅን ደም መላሾች ሲሰፉ ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ቅርጻቸው የሸረሪት ድር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚመስል ስማቸውን ከዚያ አገኙ።

ሐኪሞች በስፋታቸው ይለዩአቸዋል። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሱት የሸረሪት ድር መሰሎቹ ናቸው። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያሉት መካከለኛ ሲሆኑ በአብዛኛው ሰማያዊ መረብ ይመስላሉ። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆነው ተጠማዝዘው ከቆዳ ከፍ ብለው የሚታዩት ደግሞ ቫሪኮስ ቬን ይባላሉ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጥቃቅኖቹ በቀላሉ ስለማይታዩ ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው ወፍራሞቹ ሲወጡ ወይም እግሩ ሲከብደው ነው።

በዐረብኛ ቫሪኮስ ቬን "ደዋሊ" ይባላል፤ ቃሉ የወይን ሐረግን ያመለክታል። የተጠማዘዘውን ሥር ላየ ሰው ስሙ ግልጽ ነው። የሙስሊም ሐኪሞች በሽታውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ ቁርጡባ አጠገብ የኖሩት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ "አት-ተስሪፍ" በተሰኘው ሰፊ የሕክምና መጽሐፋቸው የእግር ደዋሊን በቀዶ ሕክምና እንዴት ማሰርና ማውጣት እንደሚቻል ጽፈዋል። እንግዲህ ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ዑለማዎችና ሐኪሞች ይህንን ሥር እንደ በሽታ አይተው መድኃኒት ፈልገውለታል ማለት ነው።

2. መንስኤው፡ ከዶርማችን ቧንቧ እንጀምር

በዶርማችን ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ሲከፈት ውሃው በኃይል ይወርዳል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ይንጠባጠባል። ምክንያቱን ሁላችንም በፊዚክስ ተምረነዋል። ከላይ ካለው ሮቶ እስከ ቧንቧው ያለው የውሃ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከታች ያለው ግፊት ይጨምራል። በሰውነታችን ውስጥም ቀጥ ብለን ስንቆም የሚሆነው ይኸው ነው።

በአንድ መካከለኛ ቁመት ባለው ሰው ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ወደ 1.2 ሜትር ይሆናል። የደም እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እፍጋቱን በመሬት ስበት (9.8) እና በከፍታው ስናባዛው ወደ 12,500 ፓስካል እናገኛለን። ይህ ከ90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሳንንቀሳቀስ ስንቆም ቁርጭምጭሚታችን ላይ ያሉት ደም መላሾች የሚሸከሙት ግፊት በግምት ይህን ያህል ነው። ስንተኛ ከፍታው ስለሚጠፋ ግፊቱም በጣም ይወርዳል።

ታዲያ ደሙ ይህንን ከፍታ ወጥቶ እንዴት ልብ ይደርሳል? አላህ (ሱ.ወ.) ሁለት ነገር አዘጋጅቶለታል። አንደኛው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ጡንቻው ተኮማትሮ ደም መላሹን ይጨምቀውና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ባትን "ሁለተኛው ልብ" የሚሉት። ሁለተኛው በደም መላሾቹ ውስጥ በየርቀቱ ያሉት ቫልቮች ናቸው። እነዚህ ስስ ክዳኖች ደሙ ወደ ላይ ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ። በጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ላይ የሚገጠመው ቼክ ቫልቭ የሚሠራው ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው ሲራመድ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከ90 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በታች የሚወርደው በእነዚህ በሁለቱ ትብብር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የደም መላሹ ግድግዳ ሲላላና ሲሰፋ ነው። ቧንቧው ሲሰፋ ሁለቱ ክዳኖች መሐል ላይ አይገናኙም። ደሙ በክፍተቱ ወደ ታች ይመለሳል። የተመለሰው ደም ከሥር ባለው ቫልቭ ላይ ይጫናል፤ እሱም በተራው ይሰፋል፤ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ግፊቱ ከቆዳ ሥር ወዳሉት ጥቃቅን ሥሮች ሲደርስ እነሱም ይሰፉና በዓይን ይታያሉ። ይህ ሲባል ግን የሸረሪት ድር የታየበት ሁሉ ውስጡ ያሉት ቫልቮች ተበላሽተዋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ጥቃቅኖቹ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ምንም ሕመምም አያስከትሉም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። ጉዳዩ የቧንቧ፣ የግፊትና የቫልቭ ጉዳይ ነው። ደም አልቆሸሸም። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

3. ማን ላይ ይበዛል?

ትልቁ ምክንያት ዘር ነው። እናቱ ወይም አባቱ ይህ ችግር ያለባቸው ሰው እሱም ላይ የመውጣቱ ዕድል ከፍ ይላል። ዕድሜ ሲጨምር ግድግዳውና ቫልቩ ይደክማል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞኖች የሥሮቹን ግድግዳ ያላላሉ፣ ማሕፀንም ከእግር በሚመለሰው ደም ላይ ይጫናል። በእርግዝና የወጡት ጥቃቅን ሥሮች ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ጊዜ እየጠፉ ይሄዳሉ። በየእርግዝናው ግን ሊጨምሩ ይችላሉ። አንዳንድ የሆርሞን መድኃኒቶች፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የእግር ጉዳትና ከዚህ ቀደም የደረሰ የደም መርጋትም ይጠቀሳሉ።

ለረጅም ሰዓት መቆም ወይም መቀመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። አስተናጋጆች፣ ፀጉር አስተካካዮች፣ መምህራን፣ ነርሶችና ምጣድ ሥር የሚውሉ እናቶቻችን የዚህ ተጠቂዎች ናቸው። ወንድማችንም ክፍያውን ለመሸፈን ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ቆሞ ያስተናግዳል፤ ከዚያ መጥቶ ነበር ከፊት ሶፍ የሚቆመው። አባቱም ተመሳሳይ እግር እንዳላቸው በኋላ ነገረን። እኛ ዓይንና ቆሻሻ ደም ስንል መልሱ በቤቱና በሥራው ነበር።

ፊት ላይ ስለሚወጡት አንድ ነገር እንጨምር። የፊት ጥቃቅን ሥሮች ምክንያታቸው ይለያል፤ ፀሐይና አንዳንድ የቆዳ በሽታዎች ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ። በእኛ አገር ግን በተለይ ልንጠነቀቀው የሚገባው ፊት ለማቅላት ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ናቸው። እነዚህ ክሬሞች ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ከሥሩ ያሉት ሥሮችም ሰፍተው ይታያሉ። እህቶች ሆይ፣ ወንድሞችም፣ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ቱቦ ከመቀባታችሁ በፊት በላዩ የተጻፈውን አንብቡ።

4. ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ?

ጥቃቅን መስመሮች ብቻ ከሆኑና ሕመም ከሌለ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የሚከተሉት ሲታዩ ግን ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

– ከቀን ውሎ በኋላ እግር ሲከብድ፣ ሲያቃጥል፣ ሲያሳክክ ወይም ማታ ማታ ሲኮማተር፤
– ቁርጭምጭሚት አካባቢ እብጠት ሲመላለስ፤
– ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ሲጠቁር፣ ሲደነድን ወይም የማይድን ቁስል ሲወጣ፤
– ወፍራሙ ሥር ሲቀላ፣ ሲሞቅና ሲነካ ሲያም።

አስቸኳይ የሚሆነው አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥና ሲያም ነው፤ ይህ በውስጠኛው ሥር የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላልና ነገ ጠዋት አይባልም።

ወፍራሙ ሥር ተነክቶ ቢደማ አትደንግጡ። ሰውየውን አስተኙት፣ እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጉ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እያንዳንዱ የእግር እብጠትም ከደም ሥር አይመጣም። በአገራችን ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ ብዙዎች "ዝሆኔ" የሚሉት የእግር እብጠት ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። የልብና የኩላሊት ችግርም እግር ያሳብጣል። ለዚህ ነው በግምት ከመናገር ምርመራ የሚቀድመው።

5. ሕክምናዎቹ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ሰውየው ቆሞ ነው። ምልክቶች ካሉ ዶፕለር በሚባል አልትራሳውንድ ደሙ ወደ ታች ይመለስ እንደሆነ ያያል። ይህ ምርመራ ትልቅ ጥቅም አለው። ውስጥ ያለው ቫልቭ ተበላሽቶ ሳለ ላይ ላዩን ያሉትን ጥቃቅኖች ብቻ ማከም፣ ዋናው ቧንቧ እያፈሰሰ ግድግዳውን ቀለም እንደመቀባት ነው። ተመልሰው ይወጣሉ።

ሀ) በራሳችን የምናደርገው። በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መራመድ። ቆመን ስንሠራ ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ፤ ባትን ያሠራል። ላይብረሪ ወይም ድራፍቲንግ ላይ ስንቀመጥ በየሰዓቱ ተነስቶ ጥቂት መንቀሳቀስ። ለዒድ ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ መኪናው ሲቆም መውረድ። ማታ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል መተኛት፤ ዶርም ውስጥ ከእግር በኩል ፍራሹ ሥር ቦርሳ ማድረግ ይበቃል። ክብደትን መጠበቅ። እነዚህ ክብደቱንና እብጠቱን ያቀላሉ፣ የነበረውን መስመር ግን አያጠፉም።

ለ) የሚያጠብቅ ካልሲ። ይህ ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም ይጠብቃል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ቀለል ያለው ከ15 እስከ 20፣ ጠንከር ያለው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጫናል። ከሮቶው ምሳሌ ጋር ካያያዝነው፣ ከውስጥ የሚገፋውን ግፊት ከውጭ በመጫን ማመጣጠን ነው። የሚለበሰው ጠዋት እግር ሳያብጥ ነው፤ ለመኝታ ይወለቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም ደም ወሳጅ ሥሩ የጠበበ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው ሊለብሰው አይገባም፤ እግሩን ሊጎዳው ይችላል።

ሐ) በመርፌ ማድረቅ (ስክሌሮቴራፒ)። ለእግር የሸረሪት ድር መሰል ሥሮች በዓለም ላይ ይበልጥ የሚሠራበት ሕክምና ይህ ነው። በጣም ቀጭን መርፌ ሥሩ ውስጥ እንደ ፖሊዶካኖል ያለ ፈሳሽ ይወጋል። ፈሳሹ የሥሩን የውስጥ ግድግዳ ይቆጣዋል፣ ግድግዳዎቹ ይጣበቃሉ፣ ሥሩ ይዘጋል፣ ከጊዜ በኋላም ሰውነት ይመጠዋል። "ደሙ ታዲያ በየት ይሄዳል?" ብለን ጠይቀን ነበር። ጤነኛ የሆኑ ሌሎች ብዙ መንገዶች አሉት። ማደንዘዣ መውሰድ አያስፈልግም፤ ታካሚው በዚያው ሰዓት ተራምዶ ይሄዳል። ጥቃቅኖቹ እስኪደበዝዙ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ቀጠሮ ያስፈልጋል። ከጉዳቶቹ መካከል በሥሩ መንገድ ላይ የሚቀር ቡናማ ጠባሳ፣ አዳዲስ ደቃቅ ሥሮች፣ አልፎ አልፎ ቁስል፣ እምብዛም ባይሆን አለርጂና የደም መርጋት ይገኛሉ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

መ) ሌዘር። ብርሃኑ በደሙ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ይመጠጥና ወደ ሙቀት ተለውጦ ሥሩን ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ለእኛ ቆዳ የሚጠቅም እውቀት አለ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣል። የሞገድ ርዝመቱ አጭር የሆነ ሌዘር ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከሥሩ ይልቅ ቆዳውን ሊያቃጥል፣ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ሜላኒን አነስ አድርጎ የሚመጥጠውና ወደ ውስጥ ጠለቅ የሚለው 1,064 ናኖ ሜትር የሆነው ኤንዲ-ያግ ሌዘር ነው። ስለዚህ ሌዘር ልታሠሩ ብትሄዱ "መሣሪያው ለጥቁር ቆዳ ይሆናል ወይ? ስንት ናኖ ሜትር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያፍር ጥያቄ አይደለም።

ሠ) ለወፍራሞቹ። ቫልቩ በተበላሸው ትልቅ ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ ይዘጋል። አካባቢው ብቻ ይደነዝዛል፤ ታካሚው በአብዛኛው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ በማይገኝበት ቦታ ሥሩን አስሮ የማውጣት ቀዶ ሕክምና አሁንም ይሠራል።

ማንኛውም ሕክምና የወጡትን ይዘጋል እንጂ አዲስ እንዳይወጣ ዋስትና አይሰጥም። ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግና ጠቅላላ ወጪውን ጠይቁ።

6. ልንቆጠብባቸው የሚገቡ

ሒጃማ (ዋግምት) በሐዲስ የተወደሰ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለ ደረጃው አንከራከርም። ነገር ግን እያንዳንዱ መድኃኒት ቦታ አለው። ሐኪሞች በሰፋ ሥር ላይ በቀጥታ ዋግምት እንዳይደረግ ያስጠነቅቃሉ፤ ግፊት ያለበት ሥር ሲበጣ ደሙ አልቆም ሊል፣ ቁስሉም ላይድን ይችላልና። የአንዲት እህታችን እናት "ቆሻሻው ይውጣ" ተብለው ባታቸው ተበጥቶ ቁስሉ ለወራት አልዘጋ ብሏቸው ነበር። ኋላ የዳነው እግራቸው በጤና ባለሙያ በየጊዜው እየታሰረ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሎሚ፣ ኮምጣጤና ነጭ ሽንኩርት መቀባትም ሥሩን አይዘጋም፤ ቆዳን ግን ያቃጥላል። ከበይነ መረብ የሚሸጡ "በ7 ቀን ያጠፋል" የሚሉ ቅባቶችም ገንዘብ ከማጥፋት አያልፉም።

ዓይን እውነት መሆኑን እናምናለን፤ በሐዲስ መጥቷል። ነገር ግን ያለ ማስረጃ የሰውን ሕመም ሁሉ በዓይን ማሳበብ በሰዎች ላይ መጥፎ ጥርጣሬን ያመጣል፣ ሕክምናንም ያዘገያል። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል።

7. የዲን ጥያቄዎቻችን

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም። ከዚህ በታች ያለው ኡስታዞቻችን ያስተማሩን ጥቅል ነገር ነው፤ የግል ሁኔታችሁን ለሚያውቅ ዓሊም አቅርቡ።

መታከም ተወኩልን ይቃረናል? አይቃረንም። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ የገጠር ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ ከእርጅና በስተቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል።

ቆሞ መስገድ ያቃተው ምን ያድርግ? ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ኪንታሮት ነበረባቸው። ስለ ሶላታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ዘገባው በቡኻሪ ይገኛል። ኪንታሮት ደግሞ በሕክምና ሲታይ ያበጡ ደም መላሾች ናቸው። ስለዚህ ይህ ሁሉ የሚታወቅ ሐዲስ የመጣው የደም ሥር ሕመም የነበረበት ሰሐባ ስለጠየቁ ነው። እሳቸው ጠየቁ፣ አላፈሩም፤ በእሳቸው ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ሕመምተኛ ሁሉ ይጠቀማል።

በፈርድ ሶላት ለሚችል ሰው መቆም ሩክን ነውና ቀላል መስመር ታየብኝ ብሎ መቀመጥ አይገባም። ሕመሙ የሚያይል ከሆነ ወይም የሚታመን ሐኪም ቆሞ መቆየት ይጎዳሃል ካለ ግን ይቀመጣል፤ የቻለውን ያህል ቆሞ ከዚያም መቀመጥ ይችላል። ተራዊሕና ሌሎች ሱና ሶላቶችን ግን ያለ ችግርም ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው፤ ምንዳው የቆመው ግማሽ ነው። በሕመም ምክንያት የተቀመጠ ደግሞ ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት በቡኻሪ የተዘገበ ሐዲስ ተስፋ ይሰጠዋል። እንግዲህ ወንድማችን በተራዊሕ ወንበር ላይ በመቀመጡ የሚያስወቅሰው አንዳች ነገር አልነበረም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሌሊት ሶላት እግራቸው እስኪያብጥ ይቆሙ እንደነበር እናውቃለን። ዕድሜያቸው ሲገፋ ደግሞ የሌሊት ሶላትን ተቀምጠው ሰግደዋል። መቆማቸውም መቀመጣቸውም ለእኛ ትምህርት ነው።

በሚያጠብቀው ካልሲ ላይ ማበስ ይቻላል? በኹፍ ላይ ማበስ በሱና የጸና ነው፤ በጦሃራ ላይ ሆኖ ለለበሰ፣ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት ነው። በካልሲ ላይ፣ በተለይ በስሱ ላይ ስለ ማበስ ግን መዝሀቦች ተለያይተዋል። ጣቱ ክፍት የሆነ ካልሲም አለ። ሐኪሙ በቀን ውስጥ ማውለቅን ካልከለከለ አውልቆ ማጠብ ከልዩነቱ ያወጣል። የሚከለክል ከሆነ እንደ ጀቢራ ይታይ እንደሆነ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ለፈጅር ዉዱእ አድርጎ ወዲያው መልበስ ለሕክምናውም ለዒባዳውም ይመቻል።

በጾም መወጋትስ? እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ምግብነት የሌለው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌ ጾም አያስፈታም ብሏል። አስቸኳይ ስላልሆነ ከረመዷን በኋላ ማድረግም ይቻላል።

ለመልክ ሲባል ማጥፋትስ? ዑለማዎች ጉድለትን አስወግዶ ወደ ተለመደው ተፈጥሮ መመለስን፣ ለውበት ሲባል የአላህን አፈጣጠር ከመለወጥ ይለያሉ። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) በጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው በብር ቢያሠሩት ስለሸተተባቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ ፈቅደውላቸዋል። ስለዚህ የሚያሳምም ወይም የሚያሳቅቅ ሥርን ማከም ከዚህ በር ይታያል። ግዴታ ግን አይደለም። ማንም አይቶት የማያውቅ፣ የማያምም ቀጭን መስመር ላይ ለትምህርት የተላከን ገንዘብ ማጥፋት ሊታሰብበት ይገባል።

እህቶች ሴት ሐኪም ካገኙ እሷ ትቀደማለች። ካልተገኘች በአስፈላጊው መጠን ብቻ፣ ከመሕረም ወይም ከሌላ ሴት ጋር ሆኖ መታየት ይፈቀዳል። በሐያእ ምክንያት የማይድን ቁስል ደብቆ መቆየት ዲናችን አላዘዘንም።

8. ለጀማዓችን

ከዚህ ትምህርት በኋላ ሦስት ነገር ተስማምተናል። በመስገጃችን የኋላ ሶፍ ጥግ ላይ ወንበሮች ይቀመጣሉ፤ የሚቀመጥባቸውን "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ከሶላትና ከሐለቃ የጠፋን ሰው ከሦስት ቀን በላይ ሳንዘይር አንቆይም። የማናውቀውን በሽታ ስም አናወጣለትም።

ወንድማችን በሪፈር ተልኮ በዶፕለር ታይቷል። ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ሥር ቫልቭ ደክሟል፤ ለጊዜው ካልሲና እንቅስቃሴ ታዞለታል። ምግብ ቤቱም በየሰዓቱ ጥቂት እንዲቀመጥ ፈቅዶለታል። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ተመልሶ መጣ። አንዳንዱን ረከዓ ቆሞ፣ አንዳንዱን ተቀምጦ ሰገደ። እናንተም በዚህ በዓል ቤት ስትገቡ የእናቶቻችሁን እግር ተመልከቱ። እነሱ አይናገሩም፤ ስለቆሙልን ዓመታት ግን እግራቸው ይናገራል። ወንበር አቅርቡላቸው፣ ምጣዱን ተቀበሏቸው፣ ካስፈለገም ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሽፋውን፣ ለጤነኞቻችን ሹክሩን፣ ለሁላችንም መልካም ምላስን ይስጠን። ከተሳሳትን ከራሳችን ነው፤ ካገኘን ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።